ከካርዱ ጀርባ ያለው ጥያቄ

«ሚዛኑ እዚያ ጥግ ላይ ነው» አለችው ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «ከሰኞ ጀምሮ በወጣበት ሰው ሁሉ ላይ ሦስት ኪሎ ይጨምራል። የጽዳት ሠራተኛችን እራት ካቆመች ሦስት ቀኗ ነው።»

በሩ ላይ የቆመው ረጅም ሰው ዞር ብሎ ከኋላው አየ። ማንም የለም።

«እኔ እንኳን...»

«ማክሰኞ ይመጣሉ ተብሎ ነበርኮ። ግድ የለም፣ ይግቡ፣ ይግቡ።»

ሰውዬው ቦርሳውን ወለሉ ላይ አኖረ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጥጉ ድረስ ሄዶ ተንበረከከ። ሚዛኑን በጀርባው ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ከዚያ ቀጥ አድርጎ አቆመውና ራሱ ወጣበት። ወረደ።

«ዜሮዋ ነች የሸሸችው» አለ። «አሁን ተመልሳለች።»

ያኔ ነው ቀና ያለችው። ባትል ይሻላት ነበር። ፊቱ እንዲያው ፊት ነው፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ዓይኑ ግን የሚያዳምጥ ዓይነት ዓይን ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ሰው አይበጅም።

«የት ጋ ነው የምፈርምልዎት?»

«ምኑን?»

«የጥገናውን ነዋ!»

«እኔ የስፖርት መምህር ነኝ» አለ እጁን እያራገፈ። «የመጣሁት የላክሁት ጥያቄ የት እንደደረሰ ልጠይቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለው ጠገኑት?»

«አዘዙኝ፤ ታዘዝኩ።»

ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ቀላች። የቀላችው ግን በሚዛኑ ብቻ አልነበረም። ጥያቄ ሲል የትኛው እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትሠራበት የጤና ምርምር ተቋም ሰዎች የልጆችን ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዴት መከላከል እንደሚቻል ሊያጠኑ ተነስተዋል። የሚጠናው ግን ተቆጥሮ አያልቅም፤ አጥኚው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ የቱ ይቅደም የሚለውን ሐኪሞች ብቻቸውን ከሚወስኑት፣ ወላጅም፣ መምህርም፣ ነርስም፣ የትምህርት ቤት በር ላይ ብስኩት የሚሸጠውም ይጠየቅ ተባለ። ሁሉም የሚያስጨንቀውን ጥያቄ በካርድ ላይ ጽፎ ላከ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ መጣ።

«ሜዳውን መኪና ማቆሚያ ካደረጋችሁት በኋላ ልጆቹ የት ይሩጡ?» የሚል ነበር። «አያቶች ልጅ ካልወፈረ የበላ የማይመስላቸው ለምንድን ነው?» የሚልም ነበር። አንዲት እናት ደግሞ ጥያቄ አልጻፈችም፤ «ደክሞኛል» ብላ ብቻ ልካለች።

የእሷ ሥራ እነዚህን ማዋሃድ ነው። ሁለት ካርድ አንድ ነገር ከጠየቀ አንዱን ከሌላው ጀርባ በስቴፕለር ታጣብቀዋለች፤ ለድምፅ የሚቀርበው የፊተኛው ነው። ለዚህ ሥራ እጇ የታመነ ነው። አንዲት ካርድ ላይ ብቻ ነው የዋሸችው።

ከአንድ የስፖርት መምህር የመጣው ይህ ካርድ እንዲህ ይላል፦ «ልጅ በጓደኞቹ ፊት ተመዝኖ ከሚዛኑ ሲወርድ ምን ይሆናል?»

ያን ቀን አንብባው ተነሳች፤ መስኮት ከፈተች፤ ዘጋች፤ ተቀመጠች። ከዚያም «ለትምህርት ቤት የትኛው የሚዛን ዓይነት ይሻላል?» ከሚለው ጀርባ አደረገችና መታችው። ለሌላው ካርድ አንድ ምት ይበቃል። ይህንን ሦስት ጊዜ ነው የመታችው።

«ጥያቄዎ ተዋህዷል» አለችው አሁን።

«ከማን ጋር?»

«እሱን መናገር አይፈቀድልኝም።»

«እኔ ሳላውቅ ዳራችሁታ!»

ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቋን ያቆመው በሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ራሷ ጽፋ፣ ራሷ በአራት ማዕዘኑ ለጥፋዋለች፤ የፈረሙበት አለቃዋ ዶክተር ናቸው። «ዝርዝሩ እስኪታሸግ ድረስ የዚህ ክፍል ሠራተኛ ከተሳታፊዎች ጋር ከሥራ ውጭ አይገናኝም፤ ስለ ጥያቄዎቹም አይወያይም» ይላል። የሰው ድምፅ እንዳይጣመም የተደረገ ነው። ደግ ሕግ ነው፤ የጻፈችው ጊዜ ማንንም የሚጎዳ አልመሰላትም።

መምህሩም ወረቀቱን አነበበና አንገቱን ነቀነቀ።

«የሁለተኛውን ዙር ቅጽ ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«በፖስታ ይላካልኮ።»

«ፖስታ ቤቱ ሩቅ ነው።»

ፖስታ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። አድራሻው የላከው ፖስታ ላይ ተጽፏል፤ እሷም አንብባዋለች። ያም ሆኖ «እሺ፣ ሐሙስ» አለችው።

በዚህ ዓይነት ሐሙስ መጣ። ከዚያም ሌላ ሐሙስ። ቅጹ አንድ ገጽ ነበር፤ መምህሩ ግን አንድ ጊዜ ቀኑን መጻፍ ይረሳል፣ አንድ ጊዜ ፊርማውን፣ አንድ ጊዜ ጭራሽ ቅጹን ራሱን። እንዲህ የሚረሳ ሰው ልጆች እንዴት አደራ እንደተሰጠው እሱ ያውቃል።

ኮሪደሩ ላይ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ሻይ ይዘው እዚያ ይቀመጣሉ፤ የቢሮው በር ወለል ብሎ ይከፈታል፣ በመሃላቸው አንድ ወፍራም ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ይተዋል። ስለ ጥያቄዎቹ ትንፍሽ አይሉም። ከዚያ ውጭ ያላወሩት ወሬ ግን የለም።

«አንድ ተማሪ አለኝ፣ ወደ ፊት ሲሮጥ መጨረሻ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲሮጥ ግን የሚደርስበት የለም።»

«እና ምን አደረግህ?» አለችው። እርስዎ ማለቱ በሁለተኛው ሐሙስ ቀርቷል፤ ማን እንደጀመረው ሁለቱም አያስታውሱም።

«ወደ ኋላ የሚሮጡበት ውድድር አዘጋጀሁለታ። አንደኛ ወጣ፤ ደስታው በዛና ወደ ኋላ እንደሮጠ የኳስ ቅርጫት ውስጥ ገባ።»

ሻዩ በአፍንጫዋ ሊወጣ ደረሰ። እሱ ደግሞ ስትስቅ አይስቅም፤ ያያታል። እንደዚያ ሲያያት ብርጭቆዋን ታሽከረክራለች። ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከወሬው ይረዝም ነበር፤ ሐሙስ እስኪመለስ ድረስ ይዛው የምትኖረውም ወሬውን ሳይሆን ዝምታውን ነው።

በአራተኛው ሐሙስ አንድ ደብዳቤ ከኪሱ አወጣ።

«ዝውውር ፈቅደውልኛል» አለ። «የተወለድኩበት ከተማ። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቅሁት ነው፤ ያኔ እዚህ የሚይዘኝ ነገር አልነበረም።»

ያኔ የምትለዋን ቃል ትንሽ ረገጥ አደረጋት።

«መቼ ነው የምትመልስላቸው?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ። እሺ ወይም እምቢ።» ደብዳቤውን አጣጠፈ፤ ዘረጋ፤ እንደገና አጣጠፈ። «ምን ትያለሽ?»

እንግዲህ አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ፤ ከዚያ አልፎ ደግሞ ሦስት ጊዜ ወደ ተመታችው ካርድ። ሰውየውን በአንድ በኩል እያታለለች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ልታስቀረው?

«ደስ የሚል ከተማ ነው አሉ» አለችው።

ይህን ያለችበትን አፏን ማታ ስትረግመው አመሸች።

በአምስተኛው ሐሙስ ሕጉን ያፈረሰው እሱ ነው። ሻዩን ሳይቀምስ ጀመረ።

«በየመንፈቁ ልጆቹን እንድመዝን እታዘዛለሁ። አሰልፌያቸው እመዝናለሁ፣ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ አንዱ ተማሪ ይጽፋል። ፈጣን ነው፤ ጎበዝ ተብዬበታለሁ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ የሚዛን ቀን ሁልጊዜ ትቀራለች። አንድ ቀን ሳላስታውቅ መዘንኳቸው። የእሷን ስጠራ ክፍሉ ሳቀ።» ያልቀመሰውን ሻይ ወለሉ ላይ አኖረ። «ምንም አላለችም፤ ጫማዋን አደረገች። በሳምንቱ ሌላ ትምህርት ቤት ገባች ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ካርዱን የጻፍኩት። አውቃለሁ፣ መነጋገር አይፈቀድም፤ ግን አንቺ እንድታውቂው ፈለግሁ።»

ቅጹን ተቀበለችው፤ እጁን ነካችው፤ ሁለቱም እንዳልተነካኩ ሆኑ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ እናቷ ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር።

«ሚጣ፣ ምነው ፊትሽ?»

«ምንም አልሆንኩም እማ።»

«ያ የሐሙስ ሰውዬ ነው?»

«የምን የሐሙስ ሰውዬ?»

«ረቡዕ ረቡዕ ነጩን ሸሚዝ የምታስተኩሺኝ ለእኔ ጤና ነው እንዴ?»

አልሳቀችም። እናት ካውያውን አቆሙ።

«እማ፣ ልጅ ሆኜ የሚዛን ቀን ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አይለኝም? ሆዴን አመመኝ ትይ ነበር። እኔ ደግሞ እየተሯሯጥኩ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ።» እናት ሸሚዙን በእጃቸው ዳበሱት። «እዚያም መጀመሪያ ይመዝኑሻል። አንድም ቀን ለምን እንደምታለቅሺ አልጠየቅሁሽም።»

ሸሚዙ ለሁለተኛ ጊዜ ተተኮሰ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ጥያቄዎቹ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት የመጨረሻው ስብሰባ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ካርዱን ይዛ ዶክተር ቢሮ ገባች። ዶክተር ቀጭን ሴት ናቸው፤ አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ አንድ መነጽር ራሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ሁልጊዜም ሦስተኛውን ይፈልጋሉ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ካርዱን ገልብጠው አዩት።

«ሦስት ጊዜ?»

«አዎ ዶክተር።»

«አንዱ አይበቃም ነበር?»

«እንዳይታይ ብዬ ነው።»

«ከሥራ ላባርርሽ እችላለሁ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ዶክተር ካርዱን መለሱላት። «በስሕተት የተዋሃደ ጥያቄ ከስብሰባው በፊት መነጠል አለበት፤ ሕጉ ይሄ ነው። ራስሽ ነው የምትነጥይው። ነገ፣ ሁሉም ባለበት።»

ቅዳሜ ሃያ አራት ሰው መጣ። ካርዶቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ሰባት ቀይ ተለጣፊ ክብ ታድሏል። ይጠና የሚሉት ጥያቄ ላይ ይለጥፋሉ፤ የራስ ጥያቄ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው። መምህሩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ፊቱ አሥር ዓመት ቀንሷል።

ግድግዳው ፊት ቆመች። ካርዱን አወረደችው። የመጀመሪያውን ሽቦ በጥፍሯ ነቀለች፣ ሁለተኛውን ነቀለች፤ ሦስተኛው እምቢ አለ። ሃያ አራት ሰው ያያል። ከፊት የተቀመጠችው ነርስ ተነስታ መቀስ አቀበለቻት።

«ይህ ጥያቄ ከፊተኛው ጋር አንድ አይደለም» አለች ካርዱን ለሰዉ እያሳየች። «አንድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ክፍል ውስጥ መዝነውኝ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ተጠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ኩንታል ነበር የምባለው። ይህ ካርድ ሲመጣ... እንደገና የምጠራ መሰለኝ። ስለዚህ ደበቅሁት። የጠየቀውን ሰው ይቅርታ እለምናለሁ።»

ካርዱን ለብቻው ሰቀለችውና ወደ ጥጓ ሄደች።

ሰዉ ተነስቶ መለጠፍ ጀመረ። ለብስኩቱ ሊሟገት የመጣው ባለሱቅ ግድግዳው ፊት ብዙ ቆመ። «እኔንም በርሜል ነበር የሚሉኝ» አለ ለማንም ሳይሆን፤ ሦስት ክቡን እዚያው ለጠፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ካርዱ ቀይ ለበሰ። ሲቆጠር አራተኛ ወጣ። ዶክተር ፈረሙ፤ ዝርዝሩ ታሸገ፤ ሰዉ ተበተነ።

መምህሩ ብቻ ቀረ። ከእሷ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ጠየቅሁሽ» አለ።

«አዎ።»

«አምስት ሐሙስ አጠገብሽ ተቀመጥኩ። በመጨረሻው የልጅቱን ነገር ሁሉ ነገርኩሽ።»

«አዎ።»

«አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

አሁን ሕግ የለም። ዝርዝሩ ታሽጓል፣ አፏ ነፃ ነው። አትሂድ የምትለዋን አንዲት ቃል ማለት ብቻ ነው የቀራት። ግን በደለኛ ሰው በምን አፉ ይለምናል? መሬት መሬቱን አየች።

እሱ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ቦርሳውን አነሳ።

«ደህና ይሁኑ» አላት።

ቢሰድባት ይሻል ነበር። «ይሁኑ» ብሎ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሰው አድርጎ መለሳት። ሰኞ ዕለት መሄዱን ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰማች።

ሰው ሲሄድ የሚጎድለው በሙሉ ቀን ቢሆን ይቻል ነበር። የሚጎድለው ግን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ሻይ ሲቀዳ። በየሐሙሱ ሁለት ብርጭቆ ትቀዳና አንዱን መልሳ ትደፋለች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ቦታ ትተዋለች። ደረጃው ላይ ረጅም እርምጃ በሰማች ቁጥር ብዕሯ ይቆማል፤ የጎረቤት ቢሮ ሒሳብ ሹም ነው፤ ብዕሯ ይቀጥላል። እናቷም ረቡዕ ረቡዕ ነጩን ሸሚዝ መተኮስ አላቆሙም። አትልበሺው አይሏት፣ ልበሺው አይሏት፤ ተኩሰው ወንበሩ ላይ ያኖሩታል።

ሁለት ወር እንዲህ ሆኖ ካለፈ በኋላ ፖስታ መጣ። የትምህርት ቤት ማኅተም አለበት። ቆማ ነው ያነበበችው።

«ተናድጄ ነበር የሄድኩት። ንዴቴ አውቶቡሱ ለምሳ ሳይቆም አለቀ፤ ለመመለስ ግን አፈርኩ። ያን ቀን ሰው ፊት ቆመሽ ይቅርታ ስትጠይቂ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ የጠራው መምህር እዚያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ልጅ ይሁን እንጂ እኔ ነበርኩ። መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በምትኩ አንቺን ተቆጣሁ።

እዚህ ልጆቹን ከመጋረጃ ጀርባ አንድ በአንድ ነው የምመዝነው። ቁጥሩን አንጠራም። ሲወርዱ ፊታቸውን አያለሁ። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ኳስ መቼ እንደምንጫወት ነው። ለጥያቄዬ መልሱ ይህ ይሁን አይሁን እናንተ አጥኑት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ የለኝም። ምን እንደማደርግበት ጠፍቶኛል። እዚህ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ወንበር አለ፤ ማንም እንዳይቀመጥበት እጠብቃለሁ።»

ከታች ፊርማ የለውም። ረስቶት ነው ወይስ ልማዱ ሆኖበት፣ እሱ ያውቃል። ደብዳቤውን አጠፈችው፤ ፊቷን ታጠበች፤ የፈቃድ ቅጽ ሞላችና ዶክተር ቢሮ ገባች። በዚያ ሳምንት ዶክተር የአራተኛውን ጥያቄ ጥናት እያዘጋጁ ነበር፤ ጠረጴዛቸው በወረቀት ተሸፍኗል።

«ምንድን ነው?» አሉ ቅጹን ተቀብለው።

«ከረቡዕ እስከ ዓርብ ፈቃድ ፈልጌ ነው ዶክተር። ለአራተኛው ጥያቄ የጥናት ቦታ ልይ ብዬ። ልጆቹን ለብቻ ለብቻ የሚመዝኑበት ትምህርት ቤት አለ ሲባል ሰማሁ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከ... ደብዳቤ ደርሶኝ።»

«ሩቅ ነው?»

«በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው።»

«ስንት ትምህርት ቤት ነው የምታዪው?»

«አንድ።»

«ስንት መምህር ነው የምታነጋግሪው?»

ወለሉን አየች። «አንድ።»

ዶክተር ብዕራቸውን ከፈቱ፤ ቅጹ ላይ ሳያሳርፉት በመነጽራቸው አናት አዩዋት።

«እኔ ለዶክትሬቴ እንኳን ይህን ያህል ጠልቄ አላጠናሁም።»